አንድ ጉንጭ የስኳር ውሃ

እናቴ የስኳር በሽታ እንዳለባት ያወቀችው ለሰው ሻይ ልታቀብል ሄዳ ነው። ከሆስፒታል የመጡ ጤና ባለሙያዎች በኬንያዋ ሞያሌ ገበያ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው የአላፊ አግዳሚውን ጣት እየወጉ ደም ይመረምሩ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እናቴ ደግሞ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ካየች አያስችላትም። ከሻይ ቤቷ በቴርሞስ የወተት ሻይ ሞልታ፣ ስኳሩን እንደ ልማዷ ሳትሳሳ ጨምራበት፣ ኩባያ ደርድራ ሄደች። ጠጥተው ሲያበቁ ውለታ ለመመለስ ያህል "ማማ፣ ጣትሽን አምጪ፣ በነጻ ነው" አሏት። ይሉኝታ ያዛትና ሰጠች። የወጋቻት ልጅ መሣሪያው ላይ የወጣውን ቁጥር አየች፤ ከዚያም በእጇ የያዘችውን ሻይ አየችና ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

እኔ ለማስተርጎም ተጠራሁ። ስልክ የምሸጥበት ሱቅ እዚያው ገበያው ውስጥ ነው። ሐኪሙ ከኬንያ መሃል አገር የመጣ፣ ስዋሂሊው ጥርት ያለ ሰው ነበር። ከየት እንደመጣች፣ በስደተኛ ካምፕ ምን ትበላ እንደነበር፣ ዛሬ ምን እንደምትበላ፣ በቀን ምን ያህል በእግሯ እንደምትሄድ ጠየቃት። ከዚያ እኔን እያየ "ከማዶ መጥተው እዚህ በኖሩ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ አገኘዋለሁ" አለ። "ረሃብ የለመደ ሰውነት ድንገት ዱቄትና ስኳር ይበዛበታል፤ መንገድ የለመደ እግር ሱቅ ውስጥ ይቀመጣል። በዘርም ይመጣል።" ይህን ተረጎምኩላት።

"ረሃቡን አልፌው ጥጋቡ ሊገለኝ ነው በይው" አለችኝ። አልነገርኩትም፤ ሳቄ መጣ።

ሐኪሙ ቀጥሎ ስለ አባቴ ጠየቀ። አባቴ ወታደር ነበር። መንግሥት ሲወድቅ ከነትጥቁ ድንበር ተሻግሮ ስደተኛ ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ካምፑን ትተን ወደ ሞያሌ ወጣን፤ አገሩን ቢያንስ በዓይኑ እያየ ሊኖር ፈልጎ ነው። ሞቱ ግን በእግሩ ጣት ላይ በወጣች በማትረባ ቁስል ሆነ። እናቴ አስታውሳ ተናገረች፤ ውሃ ጠጥቶ አይረካም ነበር፣ ሽንት ያመላልሰው ነበር፣ ቁስሉ አልደርቅ አለ፣ ቀን በቀን እየመነመነ ሄደ። ሐኪሙ "እሱም ስኳር ሳይሆን አይቀርም" አለ።

እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁልቁል አየቻቸው። "እኔ እኮ" አለች፣ "አቅም ይሁነው ብዬ ሻዩን አጣፍጬ ነበር የምሰጠው።"

እሱንም አልተረጎምኩም። ሐኪሙ የኔንም ጣት ወጋና "አንቺ ለጊዜው ደህና ነሽ፤ የሁለቱም ልጅ ስለሆንሽ ግን በየጊዜው ተመርመሪ" አለኝ። "ለጊዜው" የምትለዋ ቃል ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች።

ከእናቴ ኋላ ተራዋን ትጠብቅ የነበረችው ጎረቤታችን ናት። ሱቋንና የእናቴን ሻይ ቤት የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ሙስሊም ናት፤ ጧት ማታ ድንበሩን እየተሻገረች ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ኦሮምኛና ስዋሂሊ መሃል መሃሉን ይገቡበታል፤ ስትቆጣ ደግሞ ሦስቱም ባንዴ ይመጣሉ። የሷም ደም ታየ። እሷም አለባት። ሁለቱ ሴቶች ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። እኔ ደሜ ፈላ።

"ምኑ ነው የሚያስቀው?" አልኩ።

"ብቻዬን መስሎኝ ነበራ" አለች እናቴ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ደግ ወራት ነበሩ። ጧት ጧት ሱቅ ሳይከፈት ወደ ቡቲዬ መንደር በሚወስደው መንገድ አብረው በእግራቸው ይሄዳሉ። ባለሞተሮቹ ደክመው የሚሄዱ እየመሰላቸው አጠገባቸው ይቆማሉ። "ሂድ ወዲያ፣ መሄድ እኮ ዳዋችን ነው" ትላቸዋለች ጎረቤታችን፤ መድኃኒታችን ማለቷ ነው። እናቴ በበኩሏ ትነጫነጫለች። "ያን ጊዜ ከነልጄ ያን ሁሉ በረሃ በእግሬ ያቋረጥኩት አይቆጠርልኝም?" ትላለች። እየተነጫነጨች ግን ትሄዳለች። ለሰው የሚቀዳውን ሻይ ታጣፍጣለች፤ ሁለቱ ግን ያለ ስኳር ይጠጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ላያቸው ኮሶ የሚጠጡ ነበር የሚመስሉት።

ከባዱ ነገር የእናቴ መክሳት ነበር። እኛ ዘንድ "ወፈርሽ" ምርቃት ነው። አጥንቷ ቀርቶ የተሰደደች ሴት ጉንጯ ሲሞላ፣ ሰው አገር ላይ ሰው ሆናለች ማለት ነው። ቀሚሷ ሲሰፋት ደንበኛው ሁሉ "ምነው? ምን ነካሽ?" ይላታል፤ እሷም ሆድ ይብሳታል። ጎረቤታችን ታዲያ ከግድግዳው ማዶ ሆና "ወጣት ሆናለች፣ ባል ልንድራት ነው!" ብላ ትጮህላታለች።

በዚህ መሃል ጾም መጣ። ያን ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደርበው ነበር የገቡት። እናቴ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም፤ ጎረቤታችን ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ። ሐኪሙ ለሁለቱም አስጠንቅቋል። በተለይ ለእናቴ፣ የምትውጠው ክኒን ያለ ምግብ ከተዋጠ ስኳሯን ከልክ በታች አውርዶ እንደሚጥላት እኔው ራሴ ተርጉሜ ነግሬያታለሁ። የንስሐ አባቷም ለበሽተኛ ጾም እንደማይጸናበት ነግረዋታል። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ ለራሷ ግግም ትበል እንጂ ለጎረቤቷ አዛኝ መምህር ሆነች። "የናንተ ሃይማኖት ለታመመ ይፈቅዳል፤ እኔ ክርስቲያኗ እንኳ አውቀዋለሁ። ብዪ እንጂ!" ትላታለች። ጎረቤታችን በተራዋ "ያንቺ እግዜር ክፉ ነው እንዴ? ቄሱ ራሱ ብዪ ካለሽ አንቺ ከቄሱ በላይ ነሽ?" ትላለች። አንዷ የሌላዋን አምላክ ምሕረት ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ወደ ራሷ ሲመጣ ግን አንዷም አታውቅም። እኔ መሃላቸው ቆሜ እጮሃለሁ። ፍቅሬን በቁጣ የምናገር ሰው ነኝ፤ የሚሰማኝ ደግሞ የለም። በመጨረሻ እናቴ "እሺ፣ ጧት ጧት እበላለሁ" አለችኝ፤ አመንኳት።

አንድ ረፋድ ሱቄ ውስጥ እያለሁ የጎረቤታችን ድምፅ በሦስት ቋንቋ ሲጮህ ሰማሁ። እየሮጥኩ ደረስኩ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋለች። ላብ አጥምቋታል፤ እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። እኔን አየችኝና "አባትሽ መጣ?" አለችኝ። አባቴን ከቀበርን ብዙ ዓመት ሆኖናል። ክኒኑን ውጣ፣ ሳትበላ፣ ሳትጠጣ ሻይ ስትቀዳ አርፍዳለች። የዋሸችኝ ክኒኑን ትታ ሐኪሙን፣ ጾሙን ትታ እግዚአብሔርን ላለማስቀየም ብላ ነው።

ነቃ ያለችው ጎረቤታችን ናት። ለደንበኛ የተዘጋጀውን ስኳር በጭልፋ ዝቃ ኩባያ ውሃ ውስጥ በጠበጠችና አፏ ላይ ደገነችላት። "ዱጊ! ጠጪ! ሐራካ፣ ቶሎ በይ!"

እናቴ ጥርሷን ነከሰች። አእምሮዋ ቦታው ላይ አልነበረም፤ ጾሟ ግን ቦታው ላይ ነበር። "ዘጠኝ አልሆነም" አለች፣ በተሳሰረ አንደበት። አገጯን ይዤ ለመንኳት። ተቆጣሁ። "እማዬ፣ በማርያም!" አልኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኩባያው ከንፈሯን እየነካ ውሃው በአንገቷ ወረደ። በዚያች ቅጽበት የምትሞትብኝ መሰለኝ፤ ያውም ስኳር በሞላበት ቤት።

ያኔ ጎረቤታችን ኩባያውን ወደ ራሷ አፍ ወሰደችው። በረመዳን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ እያየ፣ አንድ ጉንጭ ተጎንጭታ ዋጠች። የእናቴን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደሷ አዞረችው። "አየሽ? ጠጣሁ። ፈታሁት። አሁን ብቻዬን ልትተዪኝ ነው?"

እናቴ አየቻት። በስሟ ጠራቻት፤ እኔን እንኳ በቅጡ ያልለየችው ሴት እሷን ለየቻት። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ጠጣች። ሌላም በጠበጥንላት፣ ጠጣች። ቀስ በቀስ ላቧ ደረቀ፤ ዳቦ አጎረስናት። ዓይኗ ሲጠራ መጀመሪያ ያየችው የጎረቤታችንን እርጥብ ከንፈር ነበር። "ምን አደረግሽ አንቺ?" አለቻትና አለቀሰች። እኔ ግን ሰው እስኪበተን ጠብቄ ሁለቱንም ሰደብኳቸው። የአፌን ሁሉ ተናገርኩ፤ ልትገድሉኝ ነው አልኩ፣ አባቴን ቀብሬያለሁ ሁለተኛ አልቀብርም አልኩ። ሲበቃኝ መሃላቸው ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ጎረቤታችን "ፖሌ፣ ልጄ፣ አይዞሽ፣ ፖሌ" እያለች ጀርባዬን ታሻለች።

ከማግስቱ ጀምሮ ሁለቱም በሉ። ጎረቤታችን ሼሁን ስትጠይቅ፣ ሳትጾም ለምትውለው ቀን ሁሉ ችግረኛ እንድታበላ ነገሯት። እኩለ ቀን ላይ ከሻይ ቤቱ ጓዳ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ እናቴ የሠራችውን የጾም ሽሮ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። የሥጋ ወጥ ቢሆን የክርስቲያን፣ የሙስሊም ተብሎ በተለየ፤ ሽሮ ግን ማንንም አያስነውርም። እናቴ ከቅቤና ከወተት እንደተከለከለች ናት፤ ያቺን ለራሷ አስቀርታለች። ለችግረኛው የሚሄደውንም ምግብ እሷው ትሠራለች፤ ጎረቤታችን ይዛ መስጊድ በር ላይ ለሚቀመጡ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ታደርሳለች። አንዷ ከዘገየች ሌላዋ ትሪውን ሳትከፍት ትጠብቃለች። እኔም ሄጄ ሳላያቸው ውዬ አላውቅም። አላምናቸውማ።

ያ ጾም ከወጣ ቆይቷል። ጎረቤታችን ዒድ አክብራለች፣ እኛም ፋሲካችንን። በቅርቡ አንድ ጎህ ላይ ለጧት መንገዷ ልቀሰቅሳት ስገባ እናቴን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ምሥራቅ ዞራ ስትጸልይ አገኘኋት። ድምፄን አጥፍቼ በሩ ላይ ቆምኩ። የአባቴን ነፍስ አነሣች። እኔን አነሣችና ደሜን ንጹሕ እንዲያደርግልኝ ለመነች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ያቺን አንድ ጉንጭ ውሃ በሷ አትቁጠርባት፤ በኔ ቁጠራት" አለች። "ጾሟን የፈታሁባት እኔ ነኝ።"

አማትባ ተነሣችና በሩ ላይ አየችኝ። "ምን ያስቆምሻል? ቁርሴን አምጪልኝ እንጂ" አለችኝ። ሄጄ አመጣሁላት። መጀመሪያ በላች፤ ክኒኗን ከዚያ በኋላ ዋጠች። ጎረቤታችን በውጭ የቆርቆሮውን ግድግዳ እየመታች "እንሂድ፣ ፀሐይ ወጣ!" ስትል እናቴ ጫማዋን እየፈለገች ነበር።