ከግድግዳው የወደቀው ሽጉጥ

ዘመኑን በውል አላስታውሰውም፤ ስምንት ይሁን ዘጠኝ ዓመት ይሆነኝ ነበር፣ ክረምት መሆኑን ግን አልረሳም። ዛሬም የልጅ ልጄ የብረት ጣሳ ከእጁ አምልጦት ከድንጋይ ላይ ሲያርፍ ያ ድምፅ ተመልሶ ይመጣል፣ ከኋላውም የባሩድ ሽታ ይከተለዋል።

ከዳባት ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን አባቴ ሽጉጡን ከነአፎቱ ከመደቡ በላይ፣ ጭቃው ግድግዳ ላይ ከተተከለ የበሬ ቀንድ ይሰቅለው ነበር፤ የሚሰቅለውም ጥይት አጉርሶ ነው። እናቴ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ልጆች አሉ፣ ጥይቱን አውጣው» ስትለው፣ «ያልጎረሰ ሽጉጥ ከዱላ በምን ይሻላል? ሌባ ሲመጣ ቆይ ላጉርስ ልበለው?» ብሎ ይስቅ ነበር። እኔንም አንድ ጊዜ መደቡ ላይ ቆሜ አፎቱን ስዳብስ አግኝቶ በአለንጋ ገርፎኛል።

የነሐሴ ዝናብ ሳያባራ ሰንብቶ ግድግዳችን ውሃ ጠጣ። አንድ ረፋድ ታላቅ እህቴ ብርቄ መደቡ ሥር ተቀምጣ ገብስ ስትለቅም፣ እኔም ምድጃው ዘንድ እሳት ስሞቅ፣ ቀንዱ ከነጭቃው ተነቀለና ሽጉጡ ከወለሉ ድንጋይ ላይ ወድቆ ጮኸ። ብርቄ በቁልምጫ ስሜ «አዱዬ» ብቻ ብላ ሰፌዱ ላይ ተደፋች። አባቴ ከደጅ ሮጦ ሲገባ እሷ አልፋለች፣ እኔ ወደ እሷ ሮጬ ሽጉጡ አጠገብ ቆሜአለሁ።

አባቴ አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ዝናቡ አቁሞ ገብሱ ሲያሸትም በስሜ አይጠራኝም ነበር። ለቀስተኛውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብረት ያለ እጅ ይተኩሳል እንዴ?» ይባባል ነበር። «አልነካሁም» እል ነበር፣ እያደር ግን እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ።

በጋ ገብቶ እህሉ ከተወቃ በኋላ አባቴ ሽጉጡን ሊሸጥ ደባርቅ ገበያ ሲሄድ አህያዋን እንድነዳ አስከተለኝ። መሣሪያ የሚጠግኑ አንድ ጠና ያሉ ሰው ዘንድ ደረስን። ሰውየው ሽጉጡን አገላብጠው አዩና «ይሄ ወድቆ ያውቃል?» አሉ። አባቴ ዘወር ብሎ እኔን አየኝ። እሳቸውም አየት አደረጉኝና፣ ከአንድ ጥይት እርሳሱንና ባሩዱን አራግፈው፣ ቀለሁን ከነመለኮሻው ብቻ አጉርሰው፣ ምላጩን ሳይነኩ ሽጉጡን ከድንጋይ ላይ ለቀቁት። ጧ! አለ።

«አየህ ወንድሜ፣ ጥይቱን የሚመታው መርፌ አርጅቷል፣ ሲወድቅ ራሱ ይመታል። ይሄ ጎርሶ የሚሰቀል አልነበረም። የማንንም እጅ አይጠብቅም።»

አባቴ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ሲነሣም «ና፣ አድማሱ» አለኝ። ሽጉጡንም አልሸጠው፣ «ሰባብሩልኝ» ብሎ ትቶላቸው ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ዛሬ ልጄም ሽጉጥ አለው፤ ጊዜው ክፉ ነውና አትያዝ አልለውም። ግን ጥይቱ ወጥቶ፣ ሽጉጡም ከሳጥን ገብቶ ካልተቆለፈ እቤቱ እህል አልቀምስም። «አባባ፣ ይሄ እኮ አዲስ ነው፣ ቢወድቅም አይተኩስም» ይለኛል። «አባቴም ቀንዱ አይነቀልም ይል ነበር» እለዋለሁ። ያኔ ግድግዳ አምነን ሥሩ እንቀመጥ ነበር፣ ዛሬ የሳጥኑ ቁልፍ ከእኔ አንገት ነው። ለብርቄ የደረሰላት የለም። ለእኔ የደረሱልኝ እኒያ የደባርቁ መሣሪያ ጠጋኝ ናቸው፣ አያ ዘለቀ።