በመሬት የማለው አስተርጓሚ

መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ልጆቼ የያዙትን ጥለው ወደ ደጅ ይሮጣሉ። እኔ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ «ማን ማለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «እማዬ ጃጀች» ይባባላሉ። ሬዲዮኑ ጃፓን ተንቀጠቀጠ፣ ቱርክ ተንቀጠቀጠ፣ አንዱን ደሴት ደግሞ ባሕር ዋጠው ሲል፣ ከመሬት በታች አለት ከአለት ይጋፋል የሚል የተማረ ሰው አይጠፋም። ይጋፋ! እኔ በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ላይ ያየሁትን አይቻለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሐላ ነው። ዱሮ የተካሰሰ ሰው «ጃንሆይ ይሙት!» ብሎ ይምል ነበር። ዋሽቼ ከሆነ ንጉሤን ገደልኩ ማለት ስለሆነ ማንም በቀላሉ አፉን አይከፍትም። ጣሊያን ሲገባ ጃንሆይ ባሕር ተሻገሩ፣ በስማቸው መማልም ተከለከለ። ታዲያ በማን እንማል? ኮልፌን የሚያዘው ጣሊያን መኮንን «በእኛ ንጉሥ ማሉ» ብሎ አወጀልን። ኧረ እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮልፌ ውስጥ እውነት የሚናገር ሰው ጠፋ። ወተት ሻጯ ግማሹን ውሃ ሞልታ «ውሃ አልነካውም፣ የሮማ ንጉሥ ይሙት!» ትላለች። ገዢዋም ውሃ መሆኑን እያየች «አሜን» ብላ ትገዛለች። በግ ሲነዳ የተያዘው ሌባ እንኳ በጉን እንደታቀፈ «በግ የሚባል አላየሁም፣ የሮማ ንጉሥ ይሙት!» ሲል ከሳሹ ራሱ ሳቀ።

መኮንኑ ሰው ሁሉ ንጉሡን ሲጠራ ሰማና አስተርጓሚውን ምን እንደሚሉ ጠየቀው። አስተርጓሚው ዓይኑን ሳያሽ «ንጉሣችን ሺህ ዓመት ይንገሥ ማለታቸው ነው» አለው። ከዚያ ወዲያ መኮንኑ «የሮማ ንጉሥ ይሙት» የሚል በሰማ ቁጥር ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ከቆቡ ጋር ያገናኝ ጀመር። ሞት ይርሳኝና፣ ያቺ ወተት ሻጭ የተሰጣትን ያህል ወታደራዊ ሰላምታ የተሰጠው ጄኔራል ያለ አይመስለኝም። በመጨረሻ ከፒያሳ የመጣ ሌላ አስተርጓሚ ጉዳችንን ዘከዘከው። ጅራፉ እኛ ላይ ወረደ። የእኛው አስተርጓሚ ግን «የአገሬው አነጋገር ሰሞኑን ተቀይሮ ነው» ብሎ ተርጉሞ አመለጠ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ እኛ የሚማልበት ንጉሥ እንኳ አጥተን ቀረን።

ይኸው አስተርጓሚ ጎረቤቴ ነበር። ከጦርነቱ በፊት አንድ ፈረንጅ ቤት ሳህን ሲያጥብ ጣሊያንኛ ለቃቅሟል። ጣሊያን ሲገባ ሰው ሁሉ ያለውን ሲደብቅ እሱ ያቺን ቋንቋውን ይዞ ወጣ። ባንድ ጊዜ ቆብ፣ ካልሲና የመኮንኑን አሮጌ ቦት ጫማ አድርጎ ቁጭ አለ። አባቴ የሞተው ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ነው። እኔ ብቸኛ ልጁ ነኝ፤ ወንድም የለኝ፣ ያኔ ባልም አላገባሁ። የቀረልኝ ቤቱና ከቤቱ ጀርባ ያለው የባሕር ዛፍ ቦታ ብቻ ነው። እንጨት ሽጬ የምበላው፣ ማታ ገብቼ የምተኛው እዚያው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤቴ መጥቶ አጥሬን ተደገፈና «አባትሽ ይህን ቦታ ከነቤቱ ሸጦልኛል። እስከዛሬ ዝም ያልኩሽ አዝኜልሽ ነው» አለኝ።

ዱሮ ጋሼ ነበር የምለው። ያን ቀን «አንተ» አልኩት። ሌላም ሌላም ብዬዋለሁ፣ እዚህ አይጻፍም። ከዚያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የት እገባለሁ? ቦታው ከተወሰደ ደጅ ከማደር በቀር ምንም አልነበረኝም።

መኮንኑ «የአገሬውን ነገር አገሬው ይጨርሰው» ስላለ ጉዳዩ ለሽማግሌዎች ተሰጠ። ሰብሳቢያቸው በጃንሆይ ዘመን ዳኛ የነበሩ፣ ሲናገሩ ሰው ጢሙን የሚያበቅል ቀርፋፋ አዛውንት ነበሩ። ከባሕር ዛፎቼ ስር ቁጭ ብለው ሁለታችንንም ሰሙን። እሱ ምስክር የለውም። እኔም የለኝም፤ አልሸጠም ብሎ የሚመሰክር ከየት ይመጣል? ሻጭ የተባለው ሞቷል። እንግዲህ መሐላ ቀረ።

«ቀራኒዮ ሄዶ በታቦቱ ፊት ይማል» አልኩ።

«እኔ ሰሞኑን የሮማን ሃይማኖት ገብቻለሁ፤ በናንተ ታቦት አልምልም» አለ። ባለፈው እሁድ ከጎኔ ቆሞ ሲያስቀድስ ነበር እኮ!

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲህ ንጉሥም የለን፣ ታቦትም እምቢ አልክ። የተጣላችሁት በመሬት ነው። ጫማህን አውልቅና እዚችው መሬት ላይ ቆመህ በመሬቷ ማል» አሉት።

ይህማ ቀለለው። ቦት ጫማውን ጎትቶ አወለቀ፣ የተቀዳደደ ካልሲውንም አወለቀ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ «አባቷ ካልሸጠልኝ ይህች መሬት አፏን ከፍታ ትዋጠኝ!» አለ፤ ለማጥበቅም በተረከዙ መታት።

ጭጭ። አንድ ወፍ እንኳ አልተነሳም። እሱ ቁጭ ብሎ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከተተ። አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንግዲህ ልጄ…» ብለው ወደኔ ዞሩ። ምን ሊሉኝ እንደሆነ ገብቶኛል።

ያኔ ነው ከስር የጎረበጠን። መጀመሪያ ከባድ ካሚዮን በመንገዱ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ባሕር ዛፎቹ ያለ ነፋስ ተወዛወዙ። ቤት ውስጥ እንስራዬ ሲፈነዳ ሰማሁ። አዛውንቱ ከነከዘራቸው ወደቁ፤ ሌሎቹ ሽማግሌዎች «እግዚኦ» እያሉ ተንበረከኩ። አስተርጓሚውስ? አንድ ጫማ አጥልቆ፣ አንዱን ትቶ፣ ጣሊያን አዲስ ወዳነጠፈው መንገድ በረረ! እዚያ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። መንገዱ የጣሊያን ነውና ከመሬት ጋር የማይገናኝ መስሎታል። እኔ እንስራዬን ረስቼ እልል አልኩ።

ጉዱ ግን ገና ነበር። በማግስቱ ሸንጎው ሲቀመጥ ሰውየው ድኖ፣ ታጥቦ መጣ። «ትዋጠኝ አልኩ እንጂ ትነቅንቀኝ አልኩ?» አለ። «ይኸው አልዋጠችኝም። እንዲያውም መሬቷ በራሷ አዎ አለች፤ መስክራልኛለች።» ይህን ሰው አስተርጓሚ ያደረገው ጣሊያን ነው ትላላችሁ? ሲፈጠርም አስተርጓሚ ነበር። ጭራሽ የመሬትን ንግግር ለራሱ ተረጎመ። ይባስ ብለው ሽማግሌዎቹም ተከራከሩበት። አንዱ «እውነቱን ነው፣ ቃሉ ትዋጠኝ ነበር» ይላል፤ ሌላው «ልትውጠው ስትል ሮጠባት እንጂ» ይላል።

አዛውንቱ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። መሬት ትልቅ ሰው ናት፣ አትቸኩልም። ትንሽ እንያት» ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

መሬት ደግሞ ቀጠሮ አክባሪ ሆና ተገኘች። ዋናው ካለፈ በኋላ ግልገሎቹ ይከታተሉ ጀመር። ስንበላ ጠረር፣ ስንተኛ ጠረር። በእያንዳንዱ መንቀጥቀጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አስተርጓሚውን ነው። እሱም ፍራሹን አውጥቶ መንገዱ ዳር ማደር ያዘ፤ አፈር ላይ እግሩን ላለማሳረፍ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዘላል። ሴቶቹ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ «ቀስ ብለህ እርገጣት፣ እንዳትቀሰቅሳት!» እያሉ ያልፋሉ። ስቄ ስቄ አልጠገብኩም፤ ብቻ ሳቁ ቦታዬን አያስመልስልኝም፣ ፍርዱ ገና ነው።

አስተርጓሚው መላ መታ። መኮንኑን ራሱን ይዞ ሸንጎ መጣ። መኮንኑ ከክንዱ ስር ትልቅ ካርታ አወጣ፣ ባሕር ዛፌ ላይ ሰቀለና ያስተምረን ጀመር፤ አስተርጓሚውም በደስታ ይተረጉማል። መሬት በእርሳቸው አገር ትንቀጠቀጣለች፤ ጃፓን ትንቀጠቀጣለች፤ ቺሌ የሚባል አገርም አለ፣ እዚያም ትንቀጠቀጣለች። ዓለም በሙሉ ሲንቀጠቀጥ የኖረ ነው። ከመሐላ ጋር የሚያገናኘው የለም፤ ይህ የመሃይም ወሬ ነው።

አዛውንቱ በጥሞና ሰምተው፣ «ጠይቅልን፤ በእርሳቸው አገር ሰው በሐሰት አይምልም?» አሉ።

አስተርጓሚው እየከበደው ተረጎመው። መኮንኑ ከት ብሎ ሳቀ። «በእኛ አገር? ከጠዋት እስከ ማታ!» አለ።

«አሃ» አሉ አዛውንቱ። «ጃፓንም እንዲያው ይሆናላ።» ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ እኔ ሳልጠየቅ ተናገርኩ። «ምንም አይደለም ካሉ፣ ያን የመሰለ የድንጋይ ቤት እያላቸው መሬቷ ከተነቃነቀች ወዲህ ድንኳን ውስጥ የሚያድሩት ለምንድነው?» አልኩ። ይህ ሲተረጎምለት የመኮንኑ ሳቅ ጠፋ። ልጅ ሳለ የተወለደበት ከተማ ባንድ ጠዋት እንደፈረሰ፣ እናቱ ከድንጋዩ ስር እንደቀረች ነገረን። ካርታውን ከባሕር ዛፌ አውርዶ አጠፈው። አዘንኩለት፤ እናት ለሁሉም እናት ናት። ግን ወዲያው ተናደድኩ። መሬት ቤቱን ስታፈርስበት ያየ ሰው፣ የሌላውን ሰው ቤት ለማፍረስ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል? ምን ዓይነት ትምህርት ነው ይሄ?

አዛውንቱ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ጌታው አስተምረውናል፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ። «መሬት በመሐላ አትንቀጠቀጥም ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ የሚያስፈራ ነገር የለም። የፊተኛው መሐላ በመንቀጥቀጡ ተረብሿልና አስተርጓሚያችን እንደገና ይማል። እዚያችው ቦታ፣ ጫማውን አውልቆ።»

መኮንኑ ሲተረጎምለት «ትክክል ነው!» ብሎ አጨበጨበ። አስተርጓሚው የሚገባበት ጠፋው። አልምልም ቢል ጌታውን ውሸታም ማድረጉ ነው። ብድግ አለ፣ ጫማውን አወለቀ፤ በዚህ ጊዜ ካልሲውን ለማውለቅ ብዙ ቆየ። ባዶ እግሩን ሲያሳርፍ ጣቶቹን ወደ ላይ ቀስሮ በተረከዙ ብቻ ነበር የቆመው። አፉን ከፈተ። መሬት ጸጥ ብላለች። ሰው ሁሉ የሚያየው እግሩን ነው። ላቡ ከቆቡ ስር ይወርዳል። አፉን ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«እ… ይቅርብኝ» አለ። «ድሃ አደግ ናት። ትቼላታለሁ።»

አዛውንቱ «የሚተወው ያለው ሰው ነው» አሉት። «ሸጦልኛል ወይስ አልሸጠልኝም?»

መሬት መሬት እያየ «አልሸጠልኝም» አለ።

መኮንኑ አልገባውምና «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ከአስተርጓሚው በቀር ጣሊያንኛ የሚያውቅ ደግሞ የለም። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና ረጅም ነገር ተረጎመ። ምን ብሎ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ መኮንኑ ቀጥ ብሎ ቆመና እጁን ከቆቡ ጋር አገናኘ።

ጣሊያን ወጣ፣ ጃንሆይ ተመለሱ። እኛ ባንዳ ይጠየቃል ብለን ስንጠብቅ አስተርጓሚያችን ሹመት አገኘ። ሲሾም «ጃንሆይ ይሙት» ብሎ ሲምል ለማየት ሄጄ ነበር። «አገሬን ከድቼ አላውቅም» እያለ በልበ ሙሉነት ማለ። እኔ ከሕዝቡ መሐል ጫማዬን አውልቄ መሬቷን አዳመጥኳት። ምንም! ጠረር እንኳ አላለችም። ያን ቀን መሬትን ተቀየምኳት። ጃፓንን ስታንቀጠቅጥ ጊዜ ያላት፣ ለኛ ሲሆን ትተኛለች?

ብዙም ሳይቆይ መሬት ሊለካ ነው ተባለ። ሹሙ ገመድ ያዦቹን አስከትሎ፣ በአዲስ ጥቁር ጫማ ደጄ ድረስ መጣ። ያኔ አግብቼ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ወጣሁ። ልኬቱን የሚያስጽፈው እሱ ነው፤ ቦታዬን በማን ስም እንደሚያስጽፈው እሱና እግዜር ብቻ ናቸው የሚያውቁት። አዛውንቱ ሞተዋል፣ ሸንጎ የለም።

የአጥሩን በር ከፈትኩና ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ። «ይግቡ ጌታዬ» አልኩት። «ጫማዎን ብቻ ያውልቁ።»

ገመድ ያዦቹ ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸዋል። እሱ አልሳቀም። መጀመሪያ ጫማውን አየ፣ ቀጥሎ ከበሩ ወዲህ ያለውን አፈር፣ በመጨረሻ ባሕር ዛፎቹን አየ። ነፋስ አልነበረም።

«የዚህች ሴት ቦታ የታወቀ ነው» አላቸው። «በአባቷ ስም ጻፉላት።»

መንገዱን ይዘው ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ።