እናቴ የከፈተችው ክፍል

ባለፈው ሐምሌ በተክለ ሃይማኖት በኩል ሳልፍ አንድ ወጣት ከዱቄት የተሠራ ሙጫ በባልዲ ይዞ ግንብ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፍ ነበር፣ ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው እግሬ በራሱ ቆመ። ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ፣ ያልበሰለ ገንፎ የሚመስል ሽታ ነው። ለሌላ መንገደኛ ምንም ላይሆን ይችላል፤ የእኔ የልጅነት ክረምት ግን ከዳር እስከ ዳር የሚሸተው እንዲህ ነበር።

ቤታችን ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብላ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ የምትገኝ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረች። አባቴ መርካቶ ውስጥ ሸራ እየቆረጠና እየሰፋ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው፣ እናቴ አስቴር ደግሞ እኔ በምማርበት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ እሷ የተቀዳደዱትን መጻሕፍት በማዳበሪያ ሞልታ፣ ኩሊ ተሸክሞላት ወደ ቤት ታመጣቸው ነበር። ከዚያ ዱቄቱን በውኃ በጥብጣ፣ ከሰል ላይ ጥዳ፣ እንዳይጓጉል ሳታቋርጥ እያማሰለች ሙጫ ትሠራለች፣ አባቴ ከጫማ ነጋዴዎች የለመነውን ካርቶን ለሽፋን ይቆርጣል፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የተበታተኑትን ገጾች በቅደም ተከተል እናስተካክላለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መደማመጥ ስለማይቻል በምልክት እየተግባባን እንሠራ ነበር። የታደሱት መጻሕፍት ከአልጋችን በላይ በተዘረጋው የልብስ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው ስለሚያድሩ፣ እኔ ከታች ተንጋልዬ በጎናቸው የተጻፈውን ስም እያነበብኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

እናቴ ያንን ሥራ ስትረከብ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ተማሪዎች ላይብረሪ የምንለው ክፍል፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለ ቁልፍ የማይለየው ቤት ነበር። መጽሐፍ ከጠፋ ከሠራተኛው ደመወዝ ይቆረጣል ስለሚባል፣ ከእሷ በፊት የነበሩት ሰው መጽሐፍን ከተማሪ መጠበቅ ዋና ሥራቸው አድርገውት ቆይተዋል። እናቴ በመጀመሪያው ሳምንት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ከሥሩ ድንጋይ አስደገፈችበት። ልጆቹ ግን ለብዙ ቀን ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ከማየት በቀር አይገቡም ነበር፣ መግባት እንደሚቻል ማንም ነግሯቸው አያውቅምና።

መስከረም ላይ፣ አደይ አበባ ይዘን ክፍል በምንገባበት በዚያ በትምህርት መክፈቻ ሰሞን፣ የመምህራን ስብሰባ ተጠራ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሚቆጠረው ከአስተዳደር ሠራተኞች ጋር ስለነበር እናቴ አልተጠራችም። ሳትጠራ ሄደች። የዚያን ዕለት የሆነውን ራት ላይ ለአባቴ ስትነግረው የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ እያስመሰለች ስለነበር፣ እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ያየሁት ያህል ይታየኛል። ዳይሬክተሩ አቶ ተሾመ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ «ወይዘሮ አስቴር፣ ይሄ እኮ የመምህራን ስብሰባ ነው» አሏት።

«አውቃለሁ አቶ ተሾመ። የምለው አጭር ነው፣ ቆሜ እናገራለሁ።»

ቆማ ተናገረች። እያንዳንዱ ክፍል በየሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ከነመምህሩ ላይብረሪ እንዲገባ፣ መምህሩም ልጆቹን አድርሶ ወደ ሻይ ቤት ሳይሄድ አብሯቸው ቁጭ ብሎ እንዲያነብ ጠየቀች። የሒሳብ መምህሩ፣ «ታዲያ እኔ ምን ላነብላቸው ነው፣ የማባዛት ሠንጠረዥ?» ብለው ሁሉንም አሳቋቸው። እሷም አብራ ሳቀችና፣ «እርስዎ ብቻ ይምጡ፣ የሚነበበውን እኔ አዘጋጃለሁ» አለቻቸው። በመጀመሪያ የመጡት ሁለት ወጣት አስተማሪዎች ነበሩ፣ ጥቅምት ሲገባደድ የሒሳብ መምህሩም መጡ።

በጋው ሲገፋ፣ አቧራው ከመርካቶ ተነሥቶ የክፍላችንን መስኮት ሲያለብሰውና የጭነት መኪናው ጥሩንባ ከአስተማሪው ድምፅ ጋር ሲጋፋ፣ እናቴ ልጆቹን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ምን እንደሚቸግራቸው ትጠይቅ ነበር። መጽሐፍ አነሰን ይላሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እነሱ ግን የነገሯት ሌላ ነው። ወላጆቻቸው ሱቅ ለመክፈትና ዕቃ ለማራገፍ ገና በማለዳ ስለሚወጡ፣ ልጆቹ ደወል እስኪደወል በትምህርት ቤቱ በር ላይ በብርድ ይቆማሉ፤ ማታ ደግሞ ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ተቀምጠው የሚያነቡበት ጥግ የላቸውም። ከዚያ በኋላ እናቴ ላይብረሪውን ለመክፈት ፀሐይ ሳትሞቅ ከቤት መውጣት ጀመረች። እኔም የሞቀ አልጋዬን ትቼ እያጉረመረምኩ እከተላት ነበር፣ ዘበኛው በሩን ሲከፍትልን ከኋላችን የሚግተለተለውን የልጅ ብዛት ሳይ ግን ማጉረምረሜን እረሳዋለሁ።

አባቴም በዚህ ነገር ተነካ። መጽሐፍ ተውሰው የሚሄዱ ልጆች በሰው ግፊያ መሐል ሲያልፉ እየጣሉት፣ ጭቃም እየነካው እናቴ መቸገሯን ሰምቶ፣ ከሱቁ በተራረፈ ሸራ ማንገቻ ያላቸው ቦርሳዎች ይሰፋላት ጀመር። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ አንዳንዱም ከሁለት ዓይነት የተጋጠመ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በገበያው ውስጥ ያንን ቦርሳ ያነገተ ልጅ ማየት የተለመደ ሆነ፣ አባቴም ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ «ይሄ የእኔ እጅ ነው» እያለ ለጎረቤት ነጋዴዎች ያሳይ ነበር።

ጓደኛዬ ሀያት ከስልጤ አገር ወደ አዲስ አበባ የመጣችው በዚያው ዓመት ነው። አማርኛዋ ገና ስለነበር ክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም፣ ሲጠይቋትም ጣቷን ከመንከስ በቀር መልስ አትሰጥም ነበር። አንድ ቅዳሜ እናቴ ትንንሾቹን ልጆች ሰብስባ፣ «ዛሬ ተረት የምትነግራችሁ ሀያት ናት፣ በቤቷ ቋንቋ ነው የምትነግራችሁ» አለች። ሀያት አንገቷን ደፍታ ጀመረች። ከስልጤና ከጉራጌ ቤተሰብ የመጡት ልጆች የገባቸውን እየያዙ ሲስቁ ቀና አለች፣ ሌሎቹ ለምን እንደተሳቀ ሲጠይቁ ደግሞ በተሰባበረ አማርኛ ማስረዳት ጀመረች። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እሷን ዝም ማሰኘቱ ሌላ ችግር ሆነ። እናቴ ላይብረሪውን የሚያስተባብር የልጆች ኮሚቴ ስታቋቁም ሀያትን ልጆቹ ራሳቸው መረጧት።

አባቷ ጋሼ ሸምሱ ገበያው ውስጥ ተሸካሚ ነበሩ። አንድ ማለዳ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ መጥተው፣ ጫማቸው ወለሉን እንዳያቆሽሽ ፈርተው ይመስለኛል፣ ከላይብረሪው ደጃፍ ላይ ቆሙ። እናቴ ልጅቱ ያጠፋችው ነገር ያለ መስሏት በፍጥነት ወጣች።

«ልጄ ማታ ማታ ታነብልናለች፣ ለእኔም ለእናቷም» አሉ። «ያ መጽሐፍ አለቀ። ሌላ ይስጡን ብዬ ነው።»

«ይግቡና ይምረጡ፣ ጋሼ ሸምሱ።»

«እኔ አላነብም እኮ፣ እትዬ አስቴር።»

«ሥዕሉን እያዩ ይምረጡ። የሚሰሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ገቡ። ሰፊ እጃቸውን ሸሚዛቸው ላይ ጠርገው፣ መጻሕፍቱን እየገለጡ ቆይተው፣ ባሕር ላይ የምትሄድ መርከብ የተሣለበትን መረጡ።

ግንቦት ላይ፣ ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር፣ ክፍለ ከተማው የትምህርት ቤቶችን ቤተ መጻሕፍት አወዳድሮ ለምርጡ እውቅና እንደሚሰጥና ገምጋሚዎችም በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጡ ተሰማ። አቶ ተሾመ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ነገር ግን እንግዳ ይመጣል ሲባል የሚይዙት የሚጨብጡት የሚጠፋባቸው ዓይነት ሰው ነበሩ። በእረፍት ሰዓት እኔ መደርደሪያ እያስተካከልኩ ሳለ መጥተው፣ የተጠጋገኑት መጻሕፍት ወደ ዕቃ ቤት እንዲገቡ፣ ከካርቶን ያልወጡት አዳዲሶቹ እንዲደረደሩ፣ ገምጋሚዎቹ መጥተው እስኪሄዱም ተማሪ እንዳይገባ አዘዙ።

«እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል፣ ወይዘሮ አስቴር።»

«ይጸዳል» አለች እናቴ። «ቤተሰቡ ግን አይባረርም።»

«ብንወድቅ ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት።»

«እሺ። እኔ ነኝ።»

ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። ቤት ስንደርስ ግን ራት አልበላም አለች። አባቴ፣ «ከሥራ ያስወጡሽ ይሆን?» ሲላት፣ «አያስወጡኝም። ግን ቀድሞ ወደምሠራበት መዝገብ ቤት መልሰው ሊወረውሩኝ ይችላሉ፣ ያን ጊዜ በሩ ይቆለፋል» አለችው። እኔም በሩ ተቆልፎ፣ ሀያትና ሌሎቹ ብርድ ላይ ቆመው እየታዩኝ አለቀስኩ። በማግስቱ ግን ያላሰብነው ሆነ። የሒሳብ መምህሩና አብዛኞቹ አስተማሪዎች ተያይዘው ወደ አቶ ተሾመ ቢሮ ገብተው፣ ላይብረሪው ከተዘጋ ክፍለ ጊዜያቸው እንደሚበላሽ ነገሯቸው። አቶ ተሾመም እጃቸውን አወናጭፈው፣ «እንግዲያው የራሳችሁ ጉዳይ» አሉና ተዉት።

ገምጋሚዎቹ የመጡ ዕለት ዝናብ እየዘነበ ነበር፣ መብራትም ጠፍቷል። ክፍሉ በልጅ ጢም ብሎ፣ ቦርሳዎቹ በየወንበሩ ላይ ተንጠልጥለው፣ ከመስኮቱ ሥር አንዲት ልጅ ለትንንሾቹ ታነብ ነበር። አንድ ሰውዬና አንዲት ጠና ያሉ ሴት ገቡ። እናቴ ሰላም አለቻቸውና፣ «ከኮሚቴው ልጆች አንዷ ታስጎበኛችኋለች» ብላ ሀያትን ወደ ፊት አወጣች፣ እሷ ራሷ ገለል ብላ ግድግዳው አጠገብ ቆመች። ሰውዬው አንድ መጽሐፍ አንሥተው፣ «ይሄ ለምን እንዲህ ተበጣጠሰ?» ብለው ጠየቁ።

«ስለሚነበብ ነው» አለች ሀያት። «ክረምት ላይ እንጠግነዋለን።»

ሴትዮዋ ፈገግ አሉና ወደ እናቴ ዞረው የጠፋ መጽሐፍ እንዳለ ጠየቋት። አቶ ተሾመ ከበሩ ላይ ሆነው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አለ» አለች እናቴ፣ «ያልጠፋበት ዓመት ቢኖር ግን ልጆቹ ያልተዋሱበት ዓመት ነው።» ሴትዮዋ እዚያ ለነበሩት መምህራንም ጥያቄ አቀረቡ፣ ያን ጊዜ ሳይጠበቁ የሒሳብ መምህሩ ተነሥተው፣ ልጆቹ ቀድሞ የሚሳሳቱት ስሌቱ ላይ ሳይሆን ጥያቄውን አንብበው መረዳት ላይ እንደነበር፣ ዘንድሮ ግን ለውጡን በዓይናቸው እንዳዩ ተናገሩ። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሰኔ ላይ፣ ፈተናው ካለቀ በኋላ፣ በክፍለ ከተማው አዳራሽ ውስጥ የእኛ ትምህርት ቤት አንደኛ ተብሎ ተጠራ። አባቴ በሥራ ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ የሠርግ ኮቱን ለብሶ መጥቶ ነበር፤ እንደ እሱ ያለ ነጋዴ ይህን ሲያደርግ ምን ማለት እንደሆነ የመርካቶ ልጅ ያውቃል። ዋንጫውን እንዲቀበሉ የተጠሩት አቶ ተሾመ ነበሩ። ተነሥተው ወደ መድረኩ እየሄዱ ሳለ መሐል ላይ ቆሙ፣ ወደ ኋላ ተመልሰው እናቴ ከተቀመጠችበት ዘንድ መጡና፣ «ይሂዱ እንጂ፣ እኔማ ይዝጉት ነው ያልኩት» አሏት። በዚያ ቀን እኚህን ሰው ወደድኳቸው።

እናቴ የኮሚቴውን ልጆች አስከትላ ወጣች። ዋንጫውን ለሀያት አስያዘቻትና ማይክሮፎኑን ስትቀበል ለማመስገን ብቻ መስሎን ነበር። አመሰገነች፣ ቀጥላም፣ «አንድ ነገር ልለምን። በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምንሠራውን ሰዎች ስብሰባ ላይ አስገቡን። ስለ ልጆቹ ንባብ ሲመከር እኛ ውጭ ነን» አለች። ከዚያ ከኋላ በኩል፣ የሌሎች ትምህርት ቤቶች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ከተቀመጡበት፣ ጭብጨባ ተነሣና እየሰፋ ወደ ፊት መጣ። አባቴ አላጨበጨበም፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እሷን ብቻ ያይ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት እናቴ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ኮሚቴ ውስጥ ገባች። ከሌሎች ትምህርት ቤቶችም የእሷ ዓይነት ሠራተኞች እየመጡ ልጆች ጽዳቱን፣ ማዋሱንና ማንበቡን እንዴት እንደሚመሩት ያዩ ነበር፣ እሷም ጡረታ እስክትወጣ ያንን ክፍል ሳትለቅ ብዙዎቹን አሠለጠነች። ሀያት ዛሬ አስተማሪ ናት።

ልጅ ሳለሁ ትልቅ ሰው ማለት ትልቅ ሱቅ ያለው፣ ደጃፉ ላይ መኪና የሚራገፍለት፣ ሲያዝዝ ብዙ ሰው የሚሯሯጥለት ይመስለኝ ነበር፣ ሰፈሬም ያሳየኝ እሱን ነው። አሁን ያ ሰፈር እየፈረሰ ፎቅ ይበቅልበታል፣ እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት ጥቂት ሰዎችን የምመራ ሆኛለሁ፣ ብዙ አለቆችንም አይቻለሁ፣ ሁሉንም ሳላውቀው የምለካቸው በእናቴ ነው። ቢሮ ውስጥ የከበደኝ ነገር ሲኖር እደውልላትና ከመጀመሪያው ጀምሬ አጫውታታለሁ። እሷም አቋርጣኝ አታውቅም፣ እስክጨርስ ታዳምጥና፣ «ሰዎቹን ጠይቀሻቸዋል?» ትለኛለች። ብዙውን ጊዜ ገና አልጠየቅኳቸውም።