ውሃ እንዳይገባበት

«ያ ሴትዮዋን የገደለው ሰውዬ» ይሉታል። ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ወርዳችሁ ዋኘው ማን ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ ይኸንኑ ነው የሚነግሯችሁ። ኧረ እኔን ጠይቁኝ! እኔ ይመኙሽ ከፒያሳ ዝቅ ብላ ባለችው ክሊኒክ ድሬሰር ሆኜ ቁስል ሳጥብና መርፌ ስወጋ ኖሬያለሁ፤ ዋኘውን ከማንም በላይ ዐውቀዋለሁ። ስሙ ሲጠፋ እያየሁ አፌን ዘግቼ የተቀመጥኩትም እኔው ነኝ።

ዋኘው የዳባት ሰው ነው። ዳዊት ደግሟል፤ ድቁና ሳይቀበል አባቱ ሞቱበትና ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ወረደ። ጣሊያን ከወጣ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ክሊኒካችን ብርጭቆ አጣቢ አድርጎ ቀጠረው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብርጭቆ አጠበ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ወደ አስመራ ሲሄድ ሐኪሙ ምትክ አጣና፣ ሲያይ ሲያይ የተማረውን ዋኘውን ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠው። ወይ ዓይን! የወስፋትን እንቁላል ገና ጎንበስ ሲል ነበር የሚለየው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ወረቀት የለውማ። ሐኪሙ ሲቆጣ «አንተ ብርጭቆ አጣቢ!» ይለዋል። ዋኘው ይቺን ስድብ ይዟት ያድራል።

«ይመኙሽ፣ አንድ ቀን ወረቀት ይዤ እገባለሁ፤ ያኔ ምን እንደሚለኝ እናያለን» ይለኝ ነበር።

«አያ ዋኘው፣ መጀመሪያ ፂምህን ተላጭ። ባሕታዊ መስለህ ማን ባለሙያ ይልሃል?» እለዋለሁ። ይስቃል። ያኔ ይስቅ ነበር።

በ1951 ዓ.ም. በጥቅምት እዚሁ ጎንደር ለላቦራቶሪ ሠራተኞች ከፍተኛ ሥልጠና ይሰጣል ተባለ። ከደባርቅም፣ ከጭልጋም፣ ከደብረ ታቦርም ሰው ተጠርቶ ስድስት ሳምንት የሰውነትን ኬሚስትሪ ሊማር ነው። ከኛ የሚላክ ዋኘው ብቻ ነበር። አንድ ፈረንጅ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ አንድ አስተርጓሚ ይመልሳል፣ ዋኘው አንዲት ቃል ሳትቀረው ይጽፋል። ማታ ማታ ሲመለስ አላስቀምጥ ይለኛል።

«ደም ማለት ቀይ ውሃ መስሎሽ ነው? ስኳር አለው፣ ጨው አለው፣ ፕሮቲን የሚሉት አለው። ሽንት ደግሞ ሁሉን ያወጣዋል። ሰማያዊ ፈሳሽ ላይ ስምንት ጠብታ ሽንት ጨምረሽ ታፈዪዋለሽ። ስኳር ከሌለ ሰማያዊነቱ አይለወጥም። ካለ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከባሰ እንደ ጡብ ይቀላል። ሰው ሳይቀደድ የውስጡ ታየ ማለት እኮ ነው!»

«እሰይ፣ አሁንስ ጠንቋይ ሆንክ» አልኩት።

ስለ ሽንቱ አወሳሰድ ሦስት ትእዛዝ ጽፎ መጣ፤ ደብተሩን አሳይቶኛል። የጧት የመጀመሪያው ይሁን። ሳይቆይ ይምጣ። ውሃ እንዳይገባበት፤ ውሃ ከገባበት ይቀጥንና ስኳሩ ይሰወራል። ስለ ጠርሙስ አንዲት ቃል አልነበረችም። በሥልጠናው ላይ ጠርሙሱ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ በሣጥን ተደርድሮ ነው የሚመጣው። ፈረንጁ በሽተኛ ጠርሙሱን ከቤቱ ያመጣል ብሎ በምን ያስበዋል? ዋኘውም አልጠየቀም። ዘጠኝ ዓመት ብርጭቆ ያጠበ ሰው እንዴት አይጠይቅም ብዬ ስንት ጊዜ ተናድጄበታለሁ። ኋላ ሲገባኝ፣ ስለ ማጠብ መጠየቅ አፍሮ ነው። እዚያ ሁሉ ባለሙያ መሀል እጁን አውጥቶ ስለ ብርጭቆ እጥበት ሊጠይቅ!

ሥልጠናው አልቆ ያገኘው ወረቀት ማኅተም አለው። በመስታወት አድርጎ ሰቀለው። ሐኪሙም በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ «አቶ ዋኘው» ብሎ ጠራው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወር ሳይሞላ እትዬ ሰኪና ታመመች። የጨርቅ ነጋዴው የአያ ሷሊሕ ሚስት ናት፤ በአዲስ ዓለም የተከበረች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ሴት ነበረች። ምግብ እምቢ አላት፣ ከሳች፣ ውሃ ይጠማታል። ሐኪሙ ቤቷ ሄዶ አያትና ሽንቷ ይታይ አለ። እንግዲህ እንደሷ ያለች ባለትዳር ክሊኒክ መጥታ፣ ወንድ ከሚጠብቅበት በር ጀርባ ተቀምጣ ሽንቷን ልትሰጥ አይታሰብም። ብትሞት አታደርገውም። ስለዚህ ዋኘው ለልጇ ለሐዲጃ ሦስቱን ትእዛዝ ነገራት። ሐዲጃ ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከተኛች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት።

በማግስቱ ጧት ጠርሙሱ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ መጣ። ዋኘው አፈላው፤ የጡብ ቀለም ሆነ። ሐኪሙ ይደገም አለ፤ ሌላ ጠርሙስ፣ ሌላ ጥልፍ ጨርቅ መጣ፤ አሁንም ቀላ። ዋኘው ከዚያች ክፍል ሲወጣ ፊቱ ሲበራ አይቻለሁ። ሰው ታሞ ደስ አይልም እቴ፣ ግን ደስ አለው፤ የተማረው ነገር ዓይኑ ላይ ሠራለት። የደም ስኳር የሚለካ መሣሪያ አልነበረንም። ሐኪሙ ኢንሱሊን፣ የደም ስኳር የሚያወርደውን መርፌ፣ አዘዘ።

መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ጧት ቤቷ ሄጄ ወጋኋት። ዋኘው አብሮኝ መጥቶ ለሐዲጃ አስረዳት፤ ማር፣ ስኳር፣ ተምር፣ ብርዝ ለናትሽ መርዝ ነው፣ ብትለምንሽም እንዳትሰጫት አላት። ማክሰኞ መጠኑ ተጨምሮ ደግሜ ወጋኋትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አያ ሷሊሕ ነጠላ ጫማ እንኳ ሳያደርግ እየሮጠ መጣ። ሐኪሙ ጭልጋ ወርዶ ነበር። እኔና ዋኘው ከነፍን። ስንደርስ አልፋለች። ምንጣፉ በላቧ ርሷል። ሐዲጃ የጓዳውን ቁልፍ በእጇ ጨብጣ እያለቀሰች ነገረችን፤ እናቷ ስትንቀጠቀጥ፣ «ልጄ፣ በአላህ፣ አንድ ጉንጭ ብርዝ!» እያለች ስትለምናት፣ መርዝ ነው ተብላለችና ጓዳውን ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ተቀምጣለች። እትዬ ሰኪና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበረች።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ሐዲጃ ለለቀስተኛው ብርዝ ይዛ መጣች። አንገቱ ረጅም፣ መስታወቱ ወፍራም የጣሊያን ጊዜ ጠርሙስ ነው። ዋኘው ጠርሙሱን አየ፤ ቀድሞ የሚያውቀው መሰለኝ።

«ሐዲጃ፣ ለኔ የላክሻቸው ጠርሙሶች ከነዚህ ናቸው?»

«አዎ አያ ዋኘው። እናቴን በቆርቆሮ ላዋርዳት? ከብርዙ ጠርሙሶች ሸጋ ሸጋዎቹን መረጥኩ። ሽንት ከገባበት ወዲያ ለመጠጥ አይሆንም፤ ለሷ ግን አልሳሳሁም። ብርዙን ገልብጬ ነው የላክሁት።»

«አጠብሻቸው?»

«ምነው? ውሃ እንዳይገባበት ብለኸኝ የለ! አንዲት ጠብታ አላስነካኋቸውም።»

ዋኘው ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ እኔ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ክሊኒክ ስንመለስ ብርዝ ገዛ፣ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረ፣ ገለበጠው። በዚያው ላይ የራሱን ሽንት አደረገ። ያንኑ ሽንት በታጠበ ብርጭቆም ለየ። ሁለቱንም አፈላ። የታጠበው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። የብርዙ እንደ ጡብ ቀላ። ክው አልኩ። እትዬ ሰኪና ስኳር አልነበረባትም። የስኳር በሽታ በሌለበት ሰውነት ያንን መርፌ ሁለት ጊዜ ወግቻት፣ የሚያድናትን አንድ ጉንጭ ብርዝ ልጇ ከልክላት ሞተች።

«ለሐኪሙ እንንገረው፤ ተነሥ!» አልኩት።

«ምን ብለን? ሐዲጃ በብርዝ ጠርሙስ ላከችልን፣ እኛም አመንን ብለን?»

«እውነቱ ይኸው አይደለም?»

«ከተማዋ እንደምታዪያት ትንሽ ናት ይመኙሽ፤ ስም ባንጠራም ያውቋታል። የሞተችው አንዲት ሴት ናት፤ ጠርሙሱን የሞላችው አንዲት ልጅ ናት። ቁልፉን ጨብጣ መቀመጧ አይበቃትም? ጠርሙሱንም ትጨምሪላት?»

«አንተስ? ወረቀትህስ?»

«ስለ ጠርሙሱ መጠየቅ የኔ ሥራ ነበር» አለኝና ፊቱን አዞረ።

ሐኪሙ እንደተመለሰ ገብቶ፣ ፈሳሹን ተሳስቼ ለክቼ ነው አለው። ወረቀቱ ከግድግዳ ወረደ፤ ማን ወስዶ የት እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም። አያ ሷሊሕ ዘንድም ራሱ ሄዶ ጥፋቴ ነው አለ። ሰውዬው «አላህ ያለው ሆነ» ብሎ ተወው፤ ክስም አልመሠረተ። ሐዲጃ ግን ሰው ሁሉ እያየ «ከልክዪያት ያልከኝ አንተ ነህ!» ብላ እግሩ ሥር ተፋች። ዋኘው ራሱን ዝቅ አድርጎ ወጣ።

እኔስ? ስለ መርፌው ማንም አልጠየቀኝም። ሁሉም ነገር ዋኘው ላይ ሲያርፍ ተገላገልኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ። የሐዲጃ ነገር ለኔም ጥሩ መሸሸጊያ ሆነኝ።

ዋኘው ወደ ብርጭቆ እጥበቱ ተመለሰ። ሰባት ዓመት። ሥልጠናው በየዓመቱ ይሰጣል፤ አዲስ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሦስቱን ትእዛዝ ይጽፋሉ፣ ወረቀታቸውን ይዘው ወደየወረዳቸው ይሄዳሉ። አንድ ቀን «ኧረ ጠርሙስ እጠቡ ብለን ብቻ እንናገር» አልኩት። «ከየት አወቃችሁት ሲሉሽስ?» አለኝ። ወደ መርፌዬ ተመለስኩ። ሐዲጃ በመንገድ ስታገኘው ፊቷን ታዞራለች፣ አንዳንዴም ትረግመዋለች። እሱ መንገድ ይለቅላታል።

በ1958 መስከረም ላይ ደረቱን ታመመና ሞተ። የቀበርነው ዐሥራ አንድ ሰዎች ነን፤ ቆጥሬያለሁ። ከቀብር ስመለስ ንዴቴ ወጥሮ ያዘኝ። በቀጥታ ወደ አያ ሷሊሕ ሱቅ ሄድኩ። ሐዲጃ አቡጀዲ እየለካች ነበር። ገዢው እስኪወጣ እንኳ በግድ ነው የጠበቅሁት።

«ዋኘው ተቀበረ» አልኳት። «እስኪ አሁን እርገሚው! ለማን ብሎ እንደተዋረደ ታውቂያለሽ? ጠርሙሱ…»

«ዐውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«አልታጠበም። ለቅሶ የመጣችሁ ዕለት አጠብሽው ወይ ሲለኝ ፊቱን አየሁት። ሞኝ አይደለሁም እትዬ ይመኙሽ። በነጋታው ጥፋቴ ነው ብሎ አባቴ ፊት ሲቆም፣ የኔን እንደወሰደው ገባኝ።» መቀሱን አስቀመጠች። «ልናገር ብዬ ስንት ቀን ወጣሁ። ሰው ሁሉ እሱን ሲረግም ግን ቀለለኝ። አብሬ ረገምኩ።»

«ሰባት ዓመት! እንዴት አስቻለሽ? አንዲት ቀን እንኳ እንዴት አትናገሪም?»

ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

«አንቺስ?» አለች። «የወጋሻት አንቺ አይደለሽም?»

ልሰድባት የመጣሁ ሴትዮ፣ በሩን እንኳ ሳልዘጋ ወጣሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ዋኘው ለልጅቱ ብሎ ዝም አለ፣ ልጅቱ ፈርታ ዝም አለች፣ እኔ ግን ለማን ብዬ ነበር?

በዚያው ሳምንት ሥልጠናው ተከፍቶ ነበር። ሰኞ ጧት አዳራሹ ገባሁ። ሃያ ሁለት ሰው ተቀምጦ ይጽፋል። አስተማሪው አሁን ሐበሻ ነው፤ አንዲት ነገር ልናገር አልኩት፣ ፈቀደልኝ። ስሜን ተናገርኩ። መርፌውን የወጋሁት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። የብርዙን ጠርሙስ፣ ያልነካውን ውሃ፣ የጡቡን ቀለም፣ ሴትዮዋ ስትለምን የሞተችውን፣ ዋኘው ጥፋት ሳይኖርበት የተሸከመውን ተናገርኩ። የልጅቱን ስም አላነሳሁም፤ ያን ያህል ለዋኘው ይገባዋል።

አስተማሪው ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ላይ «ጠርሙሱ ይታጠብ፤ ይቀቀል» ብሎ ጻፈ። ሰዉ ሁሉ ቀዳው። አንድ የደባርቅ ሰው ብቻ እርሳሱን አስቀምጦ ተቀምጧል። ሸምገል ያለ ነው፤ ከዚህ ቀደም የሠለጠነና አሁን ለድጋሚ የመጣ።

«አንድ ቄስ ነበሩ» አለ ሳይነሣ። «ሽንታቸው የጡብ ቀለም ሆነብኝ። መርፌ ጀመርንላቸው፤ በአራተኛው ቀን ሞቱ። ባለፈው ኅዳር ነው። ጠርሙሱ የማር ነበር፤ እኔው ነኝ ውሃ እንዳይገባበት ያልኳቸው።»

ከወደ ኋላ ደግሞ የሌላ ሰው እጅ ተነሣ።