የአበራ ቦታ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ልንመርጥ ሽሮ ሜዳ ሄደን ሳለ፣ ከአንዱ ሱቅ ድምፅ ማጉያ የአባቴን ዘፈን ሰማሁ። ኦርጋን አስገብተውበት አንድ ሰው ብቻውን ይዘፍነዋል። እኛ ቤት እኮ በአራት ድምፅ ነበር የሚዘፈነው።

በደርግ ጊዜ፣ እሑድ እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ፣ ቀጨኔ ያለችው አንድ ክፍል ቤታችን ከአባቴ ጋር ከጋሞ አብረው በመጡ ሸማኔዎች ትሞላ ነበር። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ እግሩን ከትቶ የሚሸምንበትን ጉድጓድ በሳንቃ ይከድነውና እንግዳ ይቀመጥበታል፤ ቤቱ ጥጥ ጥጥ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ዘፈኑን ሁሉም ከእናቱ ጀርባ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ግን ሰው የየራሱን ድምፅ ይዞ የሌላውን አይነካም። አባቴ መነሻውን ያወጣል። ጎረቤታችን ጋሽ ቶራ ከሥር ያጉረመርማሉ፤ አንድ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሌላው ከጨረሰ በኋላም ይቀጥላሉ፣ እኛም እስኪበቃቸው በትዕግሥት እንጠብቃለን። ታላቅ ወንድሜ አበራ ያንን ቀጭን ድምፁን ከላይ ይለቀዋል፤ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ደግሞ ከእሱ ተቀብዬ ሁለት ቃል እመልሳለሁ። ያችን ሁለት ቃል እስኪሰጡኝ ዓመት ሙሉ አልቅሻለሁ።

አበራን ለውትድርና ከመንገድ አፍሰው ወሰዱት። በቀጣዩ እሑድ የእሱ ተራ ሲደርስ ሁሉም ዝም አለ፤ እሱ ይዘፍንበት የነበረውን ያህል ጠብቀን፣ እኔ ማንም ሳይሰጠኝ ሁለት ቃሌን መለስኩ። ከዚያ በኋላ ሁሌም እንዲሁ ሆነ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ የእሱን ድምፅ ጀመርኩት፤ አጥርቼ አውቀው ነበር። አባቴ አፌን በመዳፉ ያዘኝ።

«ተይ ልጄ። ቦታውን ሰው ከያዘበት አይመጣም ማለት ነው።»

ታዘዝኩ። አበራ አልመጣም፤ መርዶውም አልመጣም። አባቴ ያንን ዝምታ ሲጠብቅ ሞተ፣ ጋሽ ቶራም ተከተሉት። ደርግ ከወደቀ በኋላ የአበራን ድምፅ ብፈልገው፣ ብፈልገው ከጉሮሮዬ አጣሁት። ያኔ ባልታዘዝ ኖሮ ቢያንስ ድምፁ ይኖረኝ ነበር እያልኩ ራሴን እበላለሁ።

ቤት ስንገባ የልጅ ልጄ ስልኳን አፌ ላይ ደቅና ዝፈኚልኝ አለች። የአባቴን መነሻ እንደምንም አልኩት። የአበራ ተራ ሲደርስ ዝም ብዬ ጠበቅሁ።

«እማማ፣ ረሳሽው እንዴ?»

«አዎ ልጄ፣ ረሳሁት» አልኳት።