ከጤፉ በኋላ የቀረው አኩሪ አተር

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ከአቃቂ በሰቃ ወጣ ብሎ ካለው ማሳዬ ጥጉን ለአንዲት ተመራማሪ ሰጠኋት። አኩሪ አተር ልትዘራ ነው። ዘሩ ከየአገሩ የተለቃቀመ ነው፤ ጥቁር አለው፣ ቢጫ አለው፣ አረንጓዴ የሚመስልም አለው። እያንዳንዱን በየተርታው ለብቻ ዘራችው።

«ለምን አትደባልቂውም?» አልኳት።

«የትኛው ብርዱን ችሎ እንደሚያፈራ፣ የትኛው ፕሮቲን እንደሚበዛበት ለመለየት ነው አባባ» አለችኝ። ፕሮቲን ማለት ሥጋን የሚተካው ነገር ነው አለች።

ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ሄዶ ማየት ሆነ ሥራዬ። አንዱ ይመዘዛል፣ አንዱ መሬት ለመሬት ይንፏቀቃል። አንድ ስም ያለው እህል እንዲህ የሚለያየው ምን ሆኖ ነው?

ታኅሣሥ ላይ ጤፌን አጨድኩ። ሌሎቹ ተርታዎችም ደርቀው ተለቀሙ። ዳር ያለው አጭሩ ግን ገና እሸት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ አዝመራ ከተነሳ ከብት ማሳው ላይ ይለቀቃል፤ የኔ የአንተ የለም። ልጅቷ ደነገጠች።

«የዚህ ዓይነት ዘር ያለኝ ይኸው ብቻ ነው። ሳይደርቅ ከተበላ አለቀ።»

እሾህ ቆርጬ አጠርኩት። ጎረቤቴ በሬዎቹን እየነዳ መጣ።

«ምነው ሰውዬ፣ ለአንድ ጭብጥ ቅጠል ሜዳ ዘጋህብን?»

«ሜዳው ያውልህ። የዘጋሁት ይችን ነው።»

«ለጾሙ ሽሮ ልታደርገው ነው?»

«ምን እንደሚሆን እኔም ልየው ብዬ ነው።»

«እንዲህ የሚዘገይ እህል ሰነፍ ነው፤ በሬዬ ይገላግልህ።»

«በሬህ አጥሬን ይንካና እንተያያለን!»

እየሳቀ ሄደ፤ በሬዎቹን ግን በወዲያ በኩል ነዳቸው።

ጥር ሲጋመስ ደረቀልኝ። ልጅቷ በእጇ ለቀመችው፤ አንድ መሃረብ አይሞላም። ለዚህ ነው ከሰው የተጣላሁት አልኩ በሆዴ። ጥቂቱን አስመርምራ ተመለሰች።

«አባባ፣ ምርቱ ትንሽ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ቶሎ ከሚደርሰውና ብዙ ከሚያፈራው ጋር አዳቅለዋለሁ።»

«የዚህን ስንፍና፣ የዚያን ከፕሮቲን ባዶነት ወርሶ ቢወጣስ?»

ሳቀች። «እንደዚያ የሚወጣም አይጠፋም። ለዚህ ነው ብዙ የምንዘራው። ከዚያም ዝናብ ቢበዛ ቢያንስ፣ በየዓመቱ ሳያጓድል የሚያፈራውን እንመርጣለን።»

«እንግዲያው ለከርሞ ጥጉ አይበቃሽም» አልኳትና ከጥጉ እስከ ቦዩ ድረስ ያለውን በእግሬ ለክቼ ከፈልኩላት። ጤፌ ይቀንሳል፤ ይቀንስ። የሚወለዱትን ማየት አማረኝ።