ዘንገና ላይ ያቃጠልኩት ላስቲክ

ያኔ ዳንግላ ውስጥ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ነበርኩ። የሞተር ድምፅ ከመንገድ ማዶ ሰምቼ በሽታውን እነግራችኋለሁ እያልኩ የምኩራራበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ከእንጅባራ ተደውሎ፣ “የጀልባ ሞተር ትሠራለህ?” ስባል፣ በሕይወቴ ጀልባ ላይ ወጥቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ “ሞተር ሞተር ነው” ብዬ መለስኩ።

የደወለልኝ የአንድ የወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ማኅበሩ እንጅባራ አጠገብ ባለው ዘንገና ሐይቅ ላይ እንግዳ ሊያንሸራሽርበት አሮጌ ጀልባ ከባሕር ዳር ገዝቶ አምጥቷል። ሞተሩ ግን ትንሽ ሄድ ሲል ይግልና ይጠፋል። እሑድ ደግሞ ሙሽሮች ጀልባዋን ይዘዋታል፤ ቪዲዮ ይነሱባታል።

ዓርብ ጠዋት ደረስኩ። ሊቀመንበሩና ጀልባዋን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ዳር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሽማግሌው የሐይቁ ዳር ገበሬ ናቸው፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ሲበሳጩ ከራሳቸው ጋር በአገውኛ ያወራሉ።

የሞተሩን የታችኛውን እግር ፈታሁት። የውሃ ፓምፑን ስከፍት በሽታው ፊት ለፊት ተገኘ። ኢምፔለር የምንለው፣ ስድስት ክንፍ ያለው፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ላስቲክ አለ። እየተሽከረከረ ከሐይቁ ውሃ ይስብና ሞተሩን ያቀዘቅዛል። ከስድስቱ ክንፎች አራቱ ተበጥሰዋል።

“ውሃ ሳይጠጣ ነው ሲሠራ የኖረው፤ ለዚህ ነው የሚግለው” አልኩ፣ እንደ ሐኪም እጄን እየጠረግኩ።

ሊቀመንበሩ ባሕር ዳር ደውሎ አንድ አዲስ አስገዛ። በሱቁ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ መጣልን፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። ክንፎቹን ወደሚዞሩበት አቅጣጫ አጥፌ፣ ቅባት ቀብቼ ከተትኩት። ቡሎኖቹን አጠበቅኩ። አለቀ።

እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል፤ ማሳየት አማረኝ። ሞተሩን ከሐይቁ ራቅ ብሎ በቆመ የዲከረንስ ዛፍ ግንድ ላይ አሰርኩት።

ሽማግሌው ጠጋ አሉ። “ልጄ፣ ይኼ ነገር ውሃ እየጠጣ ነው የሚሠራው ብለህ አልነበር?”

“አዎ፣ አባቴ።”

“ታዲያ እዚህ ደረቅ መሬት ላይ ምን ሊጠጣ ነው?”

“ለአንድ አፍታ ነው፤ እርስዎ አይስጉ።”

ገመዱን ሦስት ጊዜ ስስበው ተነሣ። ጫካው አስተጋባ፤ ዛፍ ላይ የነበሩት ጦጣዎች ሸሹ፤ ሰው አጨበጨበ። ነዳጅ ጨመርኩለት። ሰው ደግሞ ጨመረልኝ። ከጭብጨባው ይሁን ከድምፁ እንጃ፣ አፍታዋ ረዘመች።

“ይኼ የምን ሽታ ነው?” አሉ ሽማግሌው አፍንጫቸውን በጋቢ ይዘው።

“አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ላይ ይሸታል” አልኩ። ሆዴ ግን አውቆታል። አጠፋሁትና፣ “የምትጠብቅ ቡሎን አለች” ብዬ ከጀልባዋ ጀርባ ወስጄ ለብቻዬ ፈታሁት። አዲሱ ላስቲክ ተንጨርጭሮ ከፓምፑ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል።

ቀና ስል ሽማግሌው ከላዬ ቆመዋል። አጎንብሰው አዩት።

“ተጠምቷል” አሉ።

“አዎ፣ አባቴ። ተጠምቷል።”

መሬት ላይ እስኪቀመጡ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው፣ “በል ሂድና ለሊቀመንበሩ ራስህ ንገረው፤ እኔ ከነገርኩት ይብስብሃል” አሉኝ።

ነገርኩት። ሊቀመንበሩ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን ወጣ። ተመልሶ ነገረን፦ እስከ ማክሰኞ ሌላ ላስቲክ አይገኝም።

ሽማግሌው አንድ እግራቸውን አንሥተው ከጎማ የተሠራ በረባሷቸውን አሳዩን። “ይኼም ላስቲክ ነው። የሠራው ሰው እንጅባራ አለ።”

ከት ብዬ ልስቅ ነበር፤ ለመሳቅ የሚያበቃ ክብር ግን አልቀረኝም። በባጃጅ በረርኩ። በረባሶ ሠሪው መናኸሪያው አጠገብ ሸራ ወጥሮ ተቀምጧል። የተቃጠለውን ላስቲክ ሰጠሁት። አገላበጠው።

“የየትኛው እግር ነው?”

“የጀልባ።”

ቀና ብሎ ፊቴን መረመረ። ሥራውን ሳስረዳው ግን በጥሞና ሰማኝ።

“ለነገ ብቻ ከቆየልኝ ይበቃኛል” ስለው ተቀየመ። “እኔ ለአንድ ቀን የሚሆን ዕቃ ሠርቼ አላውቅም።”

የበረባሶው ጎማ ለዚህ ይጠነክራል ብሎ ተወው። ከጭነት መኪና የጭቃ መከላከያ ላስቲክ ሦስት ቁራጭ ቆርጦ በማስቲሽ አነባበረ፤ ድንጋይ ጭኖበት እስኪደርቅ ጠበቀ። ከዚያ በጉጠት ይዞ፣ በጫማ ቢላዋ ስድስት ክንፍ ቀረጸለት። የመሐሉን የብረት ቀለበት ከተቃጠለው አውጥተን አስገባንበት። አንዱ ክንፍ ከሌሎቹ ወፈር ብሏል። “እሱ ተረከዙ ነው” አለኝ፣ ሳይስቅ።

አመሻሹ ላይ ገጠምኩት። በዚህ ጊዜ በርሜል ሙሉ ውሃ አስቀዳሁና የሞተሩን እግር ነከርኩበት። ለጭብጨባ የመጣ ሰው አልነበረም። ሞተሩ ተነሣ። ጠበቅን። ላስቲኩ ከሠራ ከሞተሩ ውሃ መውጣት አለበት፤ ምንም የለም። እጄን ወደ ማጥፊያው ስሰድ፣ ከሞተሩ ጀርባ ካለችው ቀዳዳ ቀጭን ውሃ ፊጭ አለ።

“ሸና!” ብለው ጮኹ ሽማግሌው። “ሸና! ሸና!” የቀረውን ደስታቸውን በአገውኛ ጨረሱት።

እሑድ ሙሽሮቹ መጡ። ሊቀመንበሩ ክንዴን ይዞ፣ “አንተም ትሄዳለህ” አለኝ። ዋና አልችልም ለማለት አፌን ስከፍት ጀልባዋ ውስጥ ነበርኩ። ሙሽሪት፣ ሙሽራው፣ አንድ ሚዜ፣ ቪዲዮ አንሺው፣ እኔ። ሌሎቹ ተያዩ፣ ተሳሳቁ፤ እኔ ሞተሩ ላይ ተደፍቼ ያቺን ቀጭን ውሃ ብቻ ነበር የማየው። መሐል ላይ ስንደርስ ቀጠነች፤ ወደ ጠብታ ወረደች። ነዳጁን ቀነስኩ።

“ምንድነው እንዲህ የምታየው?” አለ ሚዜው።

“እየሸና እንደሆነ።”

ሙሽሪት ሳቋን መያዝ አቅቷት በቬሏ ፊቷን ሸፈነች። ጀልባዋ በሳቋ ተወዛወዘች፤ እኔ ሞተሩን አቀፍኩ። በዚህ መሐል ውሃዋ ተመልሳ ፊጭ አለች። ቀስ እያልን ዳሩን ይዘን ዞረን በሰላም ወረድን።

ማክሰኞ ዋናው ዕቃ መጥቶ ቀየርኩት፤ በሐይቁ ውስጥ እንጂ በደረቅ አልሞከርኩትም። የበረባሶ ሠሪውን ላስቲክ ሳወጣው ክንፎቹ ስድስቱም ነበሩ። ወስጄ ሳሳየው፣ “ነግሬህ ነበር” ብሎ ሸራው ላይ ሰቀለው፤ ለማስታወቂያ።

ከወራት በኋላ የሰርጉን ቪዲዮ አየሁት። ሐይቁ አለ፣ ሙሽሮቹ አሉ፣ በሁለቱ መሐል ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ ሰማይ የተቀሰረ የእኔ መቀመጫ አለ። ሙሽራው ቆርጠህ አውጣልኝ ብሎ ለምኖት ነበር አሉ። ቪዲዮ አንሺው፣ “እሱን ካወጣሁት ዘንገናም አብሮ ይወጣል” አለው።